በአሜሪካ አገር በኳስ ጨዋታ ቀን ከሜዳው ደጅ ስለሚዘረጋው ማዕድ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የመጸው ወራት በደረሰ ጊዜ፣ ሕዝቡ በየቅዳሜውና በየእሑዱ ወደ ኳስ ሜዳ የሚጓዘው ጨዋታ ለማየት ብቻ አይደለም። ጨዋታው ስሙ የእግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በእጅ ነው፤ የዚህን ምክንያት ለስፖርት ጸሐፊዎች እንተወዋለን። እኛ የምንናገረው ጨዋታው ሊጀመር ብዙ ሰዓት ሲቀረው ከሜዳው ደጅ ስለሚዘረጋው ማዕድ ነው። ስሙን ቴይልጌት ይሉታል፤ ትርጓሜውም የጭነት አውቶሞቢል የኋላ መዝጊያ ማለት ነው፤ መዝጊያው ወደ ታች ሲዘረጋ እንደ ገበታ ሆኖ ያገለግላልና።

ይህን ማዕድ በሙሉ ክብሩ ለማየት የሚሻ መንገደኛ በሉዊዚያና ወደምትገኘው ወደ ባተን ሩዥ ከተማ ይሂድ። ከተማይቱ በታላቁ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተሠራች ናት፤ የዩኒቨርሲቲዋም ሜዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን ዛሬ ከ100,000 ሰው በላይ ይይዛል። ጨዋታው ብዙ ጊዜ በማታ ስለሚሆን አብሳዩ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለው፤ ጊዜ ያለው አብሳይም ቋሊማ ብቻ ጠብሶ አይረካም። በኦክ ዛፎች ጥላ ሥር ድንኳኑን ተክሎ፣ ትልቁን የብረት ድስት ጥዶ ጀምበላያ ይሠራል።

ጀምበላያ ሩዝና ሥጋ በአንድ ድስት የሚበስሉበት ምግብ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። የዶሮ ሥጋና በጢስ የታጠነ ቋሊማ ተቆራርጦ በጥቂት ዘይት እየተገላበጠ ይጠበሳል። በዚህ ጊዜ ከድስቱ ሥር የሚጣበቀው ቡናማ ቅርፊት እንዳያርር መጠንቀቅ ነው እንጂ ፈቅፍቆ መጣል አይገባም፤ የምግቡ መልክና ጣዕም የሚመጣው ከእርሱ ነውና። ቀጥሎ የተከተፈ ሽንኩርት፣ የፈረንጅ ቃሪያና ሰለሪ ይጨመራል፤ ሽንኩርቱ በሚያወጣው ውሃ ቅርፊቱ እየለቀቀ አብሮ ይቁላላል። ሽንኩርት ለማቁላላት ትዕግሥት የሌለው ሰው ወጥ እንደማይሆንለት የአገራችን እመቤቶች ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ከዚያም ለአንድ ስኒ ሩዝ ሁለት ስኒ ያህል መረቅ ይጨመርና ሲፈላ ሩዙ ይገባል፤ እሳቱ ይቀነሳል፤ ድስቱ ይከደናል፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ማንም አይነካውም። በየጊዜው እየከፈተ የሚያማስል ሰው ሩዙን ገንፎ ያደርገዋል።

በዚያው ሰፈር ጋምቦ የሚሉት ወጥም አለ። ለእርሱ መጀመሪያ ዱቄት በዘይት ውስጥ እንደ ተቆላ ቡና እስኪጠቁር በዝግታ ይማሰላል፤ ብዙ ጊዜም ባሚያ ይገባበታል። ስሙ ራሱ በአፍሪካ ቋንቋዎች ባሚያ ከሚጠራበት ቃል የመጣ ነው፤ በባርነት የተወሰዱት አፍሪካውያን ሀብታቸውን ሁሉ ሲቀሙ የአበሳሰል ዕውቀታቸውን ግን የሚቀማቸው አልተገኘም። ከቤኒሻንጉል ወይም ከጋምቤላ የመጣ፣ ባሚያ በልቶ ያደገ ሰው ያን ድስት ገልጦ ቢያይ ሁሉ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ብልሃታቸው ይልቁን የሚታየው ተጋጣሚው ቡድን ሲመጣ ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ምልክቱ አዞ ስለሆነ፣ እርሱ በሚመጣበት ቀን የባተን ሩዥ ሰዎች የአዞ ሥጋ ይጠብሳሉ። የአርካንሶው ምልክት ደግሞ የዱር እሪያ ነውና በዚያ ቀን እሪያ በሙሉው ከፍም ላይ ይውላል። እንዲህ የተቀለደበት እንግዳም ብዙ ጊዜ ተጠርቶ ሳሕን ይሰጠዋል።

ወደ ሰሜን ዊስኮንሲን የተጓዘ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ግሪን ቤይ ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ፓከርስ የተባለው ቡድኗ በ1919 ዓ.ም. የተመሠረተና ከ500,000 በላይ ባለአክሲዮኖች ያሉት የሕዝብ ቡድን ነው። ብርዱ ብርቱ ነው፤ ዲሴምበር 31 ቀን 1967 ዓ.ም. በተደረገው ጨዋታ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ብርድ ከእሳት የወጣ ሥጋ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከጀርመን የመጡ ሰዎች ያስለመዱት ብራትቩርስት የተባለው ቋሊማ በከሰል ከተጠበሰ በኋላ ቢራ፣ ቅቤና የተከተፈ ሽንኩርት በፈላበት ድስት ውስጥ ይቆያል። እንግዳው በመጣ ጊዜ ትኩሱ ይወጣና ከሰናፍጭ ጋር በዳቦ ይሰጠዋል። የእሪያ ሥጋ ለማይበላ ሰው ከበሬ ወይም ከዶሮ ሥጋ የተሠራ ቋሊማ በዚሁ መንገድ ይሰናዳል። በቴነሲ ደግሞ በኖክስቪል ከተማ በጀልባ መጥተው በወንዙ ላይ ማዕድ የሚዘረጉ አሉ።

በሚሲሲፒ፣ በኦክስፎርድ ከተማ፣ ግሮቭ የሚባል አራት ሄክታር ያህል የሆነ የዩኒቨርሲቲ አጸድ አለ። በዚያ እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ የተጠበሰው ዶሮ፣ አስኳሉ በሰናፍጭ ተለውሶ ተመልሶ የሚሞላው የተቀቀለ እንቁላልና አይብ በቀይ ቃሪያ የተቀባበት ዳቦ ሁሉ ከቤት ተሠርቶ ይመጣል። በአንዳንዱ ድንኳን የብርጭቆ ፋኖስ ተሰቅሎ ምግቡ በብር ዕቃ ሲቀርብ ይታያል፤ እኛ ግን ዕቃው ምግቡን ሲያስንቅ ደስ አይለንም። ከዚህ አጸድ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1962 ዓ.ም. ጄምስ ሜሬዲዝ የተባለ ጥቁር ተማሪ እንዳይገባ በተነሣ ሁከት ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ እርሱም በማግሥቱ በወታደር ጥበቃ ተመዘገበ። ዛሬ ከጨዋታው በፊት ጥቁሮችና ነጮች ተጫዋቾች በአጸዱ መካከል በሰልፍ ሲያልፉ ሰዉ ሁሉ ያጨበጭብላቸዋል። ማጨብጨብና ከገበታ ማስቀመጥ ግን አንድ አይደሉምና፣ ይህን ማዕድ የሚመዝን መንገደኛ ከጣዕሙ አስቀድሞ በየድንኳኑ ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ ይመልከት።

ከሜዳ ላይ ለብዙ ሰው ማብሰል የሚያሰጋ ሥራ መሆኑንም አንዘነጋም፤ ከጧት እስከ ማታ ፀሐይ የመታው ሥጋ የእንግዳውን ሁሉ ሆድ ያውካልና። የዚያ አገር መንግሥት ለሕዝቡ በሚሰጠው ምክር ቀዝቃዛው ምግብ ከ4 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት። ከዚህ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይጣላል፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሳይደርስ አይበላም። ጥሬ ሥጋና መጠጥ በአንድ የበረዶ ሣጥን ቢቀመጡ፣ መጠጥ ሊያወጣ የሚገባው እጅ ሁሉ የሥጋውን ደም ይነካል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ሁለት ይሁን።

ጨዋታው ሲያልቅ አውቶሞቢሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ይዘጋል። ልምድ ያላቸው አብሳዮች ይህን ስለሚያውቁ ጥቂት ቋሊማ ሳይጠብሱ በበረዶ ያቆያሉ፤ ሌላው ሰው በመሪው ላይ ተደፍቶ ሲበሳጭ እነርሱ ፍሙን እንደገና ያያይዙታል።