የጅብ ጥላን በውሃ ቀለም

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባልደረቦቼ ወደየዘመዶቻቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ግን የውሃ ቀለም ሣጥኔን፣ ሁለት ብሩሽና አንድ ቢላዋ ይዤ ከከተማው በላይ ወዳለው ደን እወጣለሁ። የምፈልገው እንጉዳይ ነው፤ ልስለው እንጂ ልበላው አይደለም። አገራችን «የጅብ ጥላ» ብላ ስለ ሰየመችው ብዙ ሰው በእግሩ ይረግጠዋል። እኔ ስሙን እወደዋለሁ፤ ያወጣው ሰው ዓይኑ የሠዓሊ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራው ጥድፊያ አለበት። በፍግ ላይ ከሚበቅሉት አንዳንዶቹ ጠዋት ነጭ ሆነው የታዩት ውለው ሳያድሩ ቀልጠው እንደ ቀለም የጠቆረ ፈሳሽ ይሆናሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ መልኩን እይዛለሁ። ነጩን ነጭ ቀለም አልቀባውም፤ ወረቀቱን ባዶ ትቼ ዙሪያውን አጠቁራለሁ። ቆቡን ቆርጬ በወረቀት ላይ ደፍቼ ባሳድረው ደግሞ የዘሩ ብናኝ ነጭ ወይም ሮዝ ወይም ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ተዘርግቶ ይገኛል። እንጉዳዩ ራሱን ሣለ ማለት ነው!

በዚህ ሥራ የቀደመችን እንግሊዛዊቱ ቢያትሪክስ ፖተር ናት። በልጆች ተረት ከመታወቋ በፊት በመቶ የሚቆጠሩ እንጉዳዮችን በውሃ ቀለም ሥላለች። እ.ኤ.አ. በ1897 ስለ ዘራቸው አበቃቀል የጻፈችው ጥናት ለንደን በሚገኘው በሊኒየስ ማኅበር ሲቀርብ፣ ሴት በመሆኗ በስብሰባው ልትገኝ አልቻለችም። ሥዕሎቿ ግን ከሞተች ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ በአንድ የእንጉዳይ መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ።

ከመሬት በላይ የምናየው ፍሬው ብቻ ነው። አካሉ በአፈርና በበሰበሰ እንጨት ውስጥ እንደ ቀጭን ክር ተሰራጭቶ የወደቀውን ግንድ ወደ አፈር ይመልሳል። ምስጥም በኩይሳው ውስጥ እንደ ገበሬ የሚያለማው ዓይነት አለ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ተማሪዬ ቅርጫት ሙሉ እንጉዳይ ለቅሞ መጣና «መምህር፣ ይበላል?» አለኝ። ለእራት ሊወስደው ነበር፤ በቤታቸውም ታናናሾች አሉ። አያቱ ከኩይሳ ላይ የሚበቅለውን፣ ሥሩ ወደ ታች ረዝሞ የሚወርደውን ብቻ ነው የሚያበስሉት፤ ይህ ግን ከዛፍ ሥር የተለቀመ ነው። ከገዳዮቹ መካከል መርዛቸው በማብሰል የማይጠፋ፣ ሕመሙም ከብዙ ሰዓት በኋላ የሚጀምር መኖሩን ነግሬ ከለከልሁት። አንዱን ለሥዕል አስቀርተን ሌላውን ቀበርነው።

ልጁ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን መጥቶ ብሩሽ እንዳውሰው ጠየቀኝ።