ከአፋችን ያሉ ቃላት

እኔና ታላቅ እኅቴ አምባሰል ተወልደን ያደግን ነን። እኔ እንድማር እሷ ከ4ኛ ክፍል አቋርጣ ቀረች። ዛሬ ሐይቅ ከተማ ዓሣ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች።

ባለፈው ጥር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ትልቋ ልጅ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥበትን 9ኛ ክፍል ጀምራለች። በየማታው እንደ ዳዊት ደጋሚ 50 ቃል ታነበንባለች፤ ሲነጋ ግን አምስቱም አይገኙ። አንድ ማታ ደብተሯን ዘጋችና፣

«እማዬ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ፤ ካንቺ ጋር ዓሣ ልሽጥ» አለች።

እኅቴ ደነገጠች። «የፈረንጅ ፊደል አላውቅ፣ በምን ልርዳት?» ስትል ወደ እኔ ዞረች።

እኔም ተማሪ ሳለሁ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ስሸመድድ «ኤ» ከሚለው ፊደል ሳልወጣ ዓመቱ አልቆብኛል። ስለዚህ ልጅቱን ያስቸገራትን ቃል ጠየቅኋት፤ «ፎቶሲንተሲስ» አለችኝ።

«ፎቶ ምንድን ነው?» አልኋት እኅቴን።

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነዋ!»

ፎቶ በግሪክ ብርሃን ማለት ነው፤ ግራፍ መጻፍ። ፎቶግራፍ በብርሃን የተጻፈ ነው። ሲንተሲስ ማቀናጀት ስለሆነ፣ ፎቶሲንተሲስ ቅጠል በብርሃን ምግቡን ማዘጋጀቱ ነው። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ እንደምንለው ሁሉ የእንግሊዝኛም ቃላት ዘመድ አላቸው። ዘመዱን የያዘ ብዙ ቃል ይይዛል።

ከዚያ ወዲያ የደሴው ተወላጅ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ሰጠኋት። በቀን አምስት ቃል ብቻ መርጣ፣ በእያንዳንዱ የራሷን ዓረፍተ ነገር ትሠራለች። በቁራጭ ወረቀት በአንድ ፊት እንግሊዝኛውን፣ በሌላው አማርኛውን ትጽፋለች። እናት አማርኛውን እያነበበች ትጠይቃለች፤ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የዛሬው ቃል በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ይጠየቃል። ቃል የሚጸናው ደጋግሞ በማንበብ ብቻ ሳይሆን፣ ሊረሳ ሲል ከአእምሮ ፈልጎ በማውጣት ነው።

እናቶች ሆይ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም ብላችሁ ከልጆቻችሁ ደብተር አትሽሹ። አማርኛ ማንበብ ለጠያቂ ይበቃል።

በቅርቡ እኅቴ ደወለችልኝ። ሰላምታውን ሳትጨርስ፣ «ቴሌፎን የሩቅ ድምፅ ማለት ነው አሉ፤ አንቺ ታውቂ ኖሯል?» አለችኝ። ልጅቱስ ብላት፣ «ቃሏን እያጠናች ነው» አለች። ዓሣውን አሁንም የምትሸጠው እሷ ብቻ ናት።