በኩቤክ ከተማ፣ በአንድ በር ፊት

“አሁን ከቀሰቀስሽው ያለቅሳል፤ አንቺም እያለቀስሽ ነው የምትሄጂው። ተይው፣ ጠዋት ሲነሣ እኔ እነግረዋለሁ” አለችኝ እናቴ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። የሰባት ዓመቱ ልጄ ብርድ ልብሱን በእግሩ ገፍቶ፣ አንድ እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ተኝቷል። ጉንጩን ሳም አደረግሁትና ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በባዶ እግሬ ከክፍሉ ወጣሁ። ታክሲው ውጭ ይጠብቀኝ ነበር።

ይህን ያደረግሁት ለልጁ በማሰብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ነገር ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የፈራሁት የእርሱን ልቅሶ ብቻ ሳይሆን የራሴንም ነበር።

የጉዞዬ ምክንያት በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ የተዘጋጀ የሁለት ሳምንት የጋዜጠኞች ሥልጠና ነው። ወሩ ጥቅምት ስለ ነበረ ሜፕል የሚባለው የአገሩ ዛፍ ቅጠሉ በርበሬ መስሎ ቀልቷል። በመካከል በነበረው የዕረፍት ቀን ጓደኞቼ ገበያ ለመዞር ሲነሡ እኔ ግን በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ኩቤክ ከተማ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ይችን ከተማ የመረጥኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ በልጅነቱ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማር ካስተማሩት መካከል ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩበት። እነዚህ መምህራን ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ሉሲየን ማት በ1950 ለተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነዋል። አጎቴ እስከ ዛሬ ሲናደድ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጣው። እንግዲህ የዚያ ቁጣ አገር ምን እንደሚመስል ማየት ፈለግሁ።

ኩቤክን የቆረቆራት ሳሙኤል ደ ሻምፕላን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ዘመኑም 1608 ነበር። ከተማዋ ከላይና ከታች ተብላ ለሁለት ትከፈላለች። የታችኛው ከተማ በታላቁ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር ተዘርግቷል፤ የላይኛው ደግሞ በገደሉ አናት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን የሚያገናኙ ደረጃዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ “አንገት ሰባሪ” ይባላል፤ ወጥቼ ስጨርስ ጉልበቴ ስሙ እንዳልተጋነነ መሰከረልኝ። መውጣት ለማይችል ሰው ከ1879 ጀምሮ በሐዲድ ላይ እየተሳበ ገደሉን ሽቅብ የሚወጣ ተሽከርካሪ አለ። በአናቱ ላይ ሻቶ ፍሮንትናክ የሚባለው በ1893 የተከፈተ ሆቴል እንደ ቤተ መንግሥት ጉብ ብሎ ይታያል። የላይኛውን ከተማ የሚከበው የድንጋይ ግንብ 4.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ከሜክሲኮ በስተ ሰሜን ባለው የአሜሪካ ክፍል እንዲህ ያለ የከተማ ግንብ እስከ ዛሬ የቆመው በዚች ከተማ ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት አሮጌው ከተማ በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ከሆቴሉ ፊት ለፊት፣ ወንዙን ቁልቁል በሚያሳየው ሰፊ የእንጨት መናፈሻ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ ቤት ደወልኩ። እዚያ ረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ግን መሸት ብሎ 12 ሰዓት ሆኗል፤ እናቴ ቡና የምታፈላበት ሰዓት ነው። ከተለየሁት ሰባተኛ ቀኔ ነበር። ባለፉት ስድስት ቀናት አንድ ጊዜ እንኳ አላናገረኝም።

“እስቲ ዛሬ እንኳ ስጪኝ” አልኳት እናቴን። ስልኩን ስታቀብለው ይሰማኛል። ከዚያ የልጄ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ “ተኝቷል በያት!”

ተኝቷል። እኔ ተኝቶ ሳለ ሄድኩ፤ እርሱም ተኝቻለሁ አለኝ። እናቴ፣ “ተይው፣ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል” ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። ስልኩን ዘግቼ ወንዙን ብዙ ጊዜ ተመለከትኩ፤ ምን እንዳየሁ ግን አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ከተማ ውስጥ ወደሚገኘው የኡርሱሊን መነኮሳት ገዳም ገባሁ። መነኮሳቱ በ2018 ጥለውት ወጥተዋል፤ ሙዚየሙ ግን ለጎብኚ ክፍት ነው። በወርቅና በብር ክር የተጠለፉ የመሠዊያ መጋረጃዎች ተሰቅለዋል። ክር ይዛ የምታውቅ ሴት እነዚያን ስፌቶች ስታይ የስንት ሌሊት ሥራ እንደሆኑ ይገባታል። በ1759 እንግሊዞች ከግንቡ ውጭ ባለው በአብርሃም ሜዳ ላይ ፈረንሳዮችን ድል አድርገው ከተማዋን ሲይዙ እነዚህ መነኮሳት የጠላትን ቁስለኞች አስታምመዋል። ጉልበታቸው ተራቁቶ ብርድ ለሚፈጃቸው የስኮትላንድ ወታደሮችም ረጃጅም ካልሲ ሹራብ ይሠሩላቸው እንደ ነበር ይነገራል።

የገዳሙ መሥራች ማሪ ጊያር ትባላለች፤ የምንኩስና ስሟ ማሪ ደ ላንካርናሲዮን ነው። በ1599 በፈረንሳይ አገር በቱር ከተማ ተወለደች። በ17 ዓመቷ ተዳረች፤ በ19 ዓመቷ ባሏ ሞተባትና ከስድስት ወር ሕፃን ጋር ቀረች። ከዚያ በኋላ በእኅቷ ባል ቤት ገብታ በመጀመሪያ በማጀት፣ በኋላም የሰውየውን የዕቃ ማመላለሻ ንግድ በማስተዳደር ሠራች። ጋሪው፣ ፈረሱ፣ የወደቡ ሠራተኛ ሁሉ በእርሷ እጅ ነበር። ዛሬ ብትኖር ሠራተኛ እናት እንላታለን።

በ1631፣ ልጇ ክሎድ 11 ዓመት ሲሆነው፣ ማሪ ገዳም ገባች። ልጁ ወደ ገዳሙ በር እየመጣ “እናቴን መልሱልኝ” እያለ ይጮኽ ነበር፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቹም አብረውት ይመጡ ነበር። በ1639 ደግሞ ባሕር ተሻግራ ኩቤክ ወረደች። በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከእርሷ ጋር ሴቶች ልጆችን ሊያስተምሩ የመጡ ኡርሱሊኖችና ሆስፒታል ሊያቋቁሙ የመጡ ሦስት የአውግስጢናውያን ማኅበር መነኮሳት አንድ ላይ ደረሱ። ከተማዋ ያኔ ጥቂት የእንጨት ቤቶች ያሉባት ምድረ በዳ ነበረች። ገዳሙ በ1650 ሲቃጠል እንደገና ያሠራችው ማሪ ነች። የአገሬውን ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ተምራ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። በ1672 አረፈች፤ በ2014 የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ቅድስት ብለው ሰየሟት።

ከእርሷ ጋር እናትና ልጅ ዳግመኛ አልተያዩም። ነገር ግን መርከብ በመጣና በሄደ ቁጥር፣ ወንዙ በበረዶ ሳይዘጋ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ተጻጻፉ። በአንዱ ደብዳቤዋ ራሷን ጨካኝ እናት ብላ ጠርታ ልጇን ይቅርታ ጠይቃዋለች። እርሱም አድጎ መነኮሰ፤ ከሞተችም በኋላ ደብዳቤዎቿን ሰብስቦ በ1681 ያሳተመው ያ በበሩ ላይ ያለቀሰው ልጅ ነው።

በትምህርት ቤቷ የነበሩት የነባር ሕዝቦች ሴቶች ልጆችም ከእናቶቻቸው ተለይተው የመጡ ነበሩ። አንዳንዶቹ አጥሩን ዘለው ወደ ጫካቸው፣ ወደ ወላጆቻቸው ይመለሱ እንደ ነበር ራሷ ጽፋለች። ቅድስት ብትባልም ያ ገዳም የብዙ ልጆች እንባ ያለበት ቤት ነው። ይህን ታሪክ ሳነብ “እንዴት እናት እንዲህ ታደርጋለች?” ብዬ ልፈርድባት ነበር። ወዲያው ግን አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። ማሪ ተደብቃ አልሄደችም። ልጁን አስቀምጣ የምታደርገውን በቃሏ ነግራዋለች፤ ፈቃዱንም ጠይቃዋለች። እኔስ? ለ16 ቀን ጉዞ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት። የእርሷ ልጅ የሚያለቅስበት በር ነበረው። የእኔ ልጅ ግን ጠዋት ተነሥቶ ባዶ አልጋ ነው ያገኘው።

በማግሥቱ ወደ ሞንትሪያል ከመመለሴ በፊት ከግንቡ ውጭ ወዳለው የኩቤክ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት ሄድኩ። ከደጁ በ2012 የቆመ የአራት ሴቶች ሐውልት አለ። ከአራቱ አንዷ በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ምክር ቤት የተመረጠችው ሴት ክሌር ካርክላንድ ነች፤ ሌሎቹ ሦስቱ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ ናቸው፤ መብቱም በ1940 ተገኝቷል። ያገባች ሴት በገዛ ስሟ ውል እንድትዋዋል የፈቀደው ሕግ የወጣው ገና በ1964 ነው፤ ያቀረበችውም ካርክላንድ ነበረች። በ1997 ደግሞ ክፍለ ሀገሩ ወላጆች በቀን 5 ዶላር ብቻ የሚከፍሉበት የሕፃናት ማቆያ አቋቋመ። እናት ስትሠራ ልጁን ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ የአንዲት ሴት የጓዳ ጭንቀት ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ደጅ ላይ ሆኜ አሰብኩ። ይሁን እንጂ ለልጄ የነፈግሁትን ቃል ማንም ምክር ቤት አይደነግግልኝም።

አዲስ አበባ ስገባ ልጄ ከአያቱ ኋላ ቆሞ በጨረፍታ አየኝ። ያመጣሁለትን የሜፕል ከረሜላ ተቀበለ፤ አልሳመኝም። ማታ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጬ በበሩ ላይ ስላለቀሰው ልጅ ነገርኩት።

“ከዚያ እናቱ ወጣች?” አለኝ።

“አልወጣችም። ግን ሁልጊዜ ትጽፍለት ነበር።”

ጥቂት ዝም አለና፣ “አንቺ 16 ቀን ነው የቆየሽው” አለ። ወደ ግድግዳው አመለከተ። በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ 16 ቀናት ተሰርዘዋል። “ይረሳዋል” የተባለው ልጅ አንድም ቀን አልዘለለም። “ተኝተህ ሳለ መሄዴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ” አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እጄን ግን አልለቀቀም።

እኅቶቼ፣ በየሠፈራችን ለእንጀራ ወደ ዐረብ አገር የሄዱ እናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የወጡት ልጃቸው ተኝቶ ሳለ ነው። ለሥራ በየክፍለ ሀገሩ የምንዞርም አለን። አልሂድ ማለት ለሁላችንም የሚቻል አይደለም። ልቅሶውን ፈርተን ግን እውነቱን ከልጅ አንደብቅ። ልጅ አልቅሶ ይወጣለታል። የተደበቀ እንደሆነ ግን እናቱ በተኛ ቁጥር የምትጠፋ ይመስለዋል። የምንሄድበትን፣ የምንመለስበትን ቀን እንንገረው፤ ቀኑንም ራሱ ይቁጠረው።

ባለፈው ወር ለአራት ቀን ሥራ ወደ ጅማ ሄጄ ነበር። ከሳምንት በፊት ነገርኩት። ሻንጣዬን የዘጋልኝ እርሱ ነው። በር ድረስ ሸኝቶኝ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። በሁለተኛው ቀን ስደውል ስልኩን ያነሣው ራሱ ነበር።