አሁን ልውጣ ወይስ አምስት ዓመት ልጠብቅ?

የትዳር ጓደኛህ ወይም የትዳር ጓደኛሽ በዕድሜ የሚበልጥ ከሆነ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን በቤታችሁም መነሣቱ አይቀርም።

እኔ በነፋስ መውጫ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ 55፣ አገልግሎቴ 33 ዓመት ነው። ባለቤቴ በ11 ዓመት ይበልጠኛል። እርሱም አስተማሪ ነበር፤ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ታች ጋይንት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እኔ በኪራይ ቤት፣ እርሱ በአርብ ገበያ ሆነን የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። «አምስት ዓመት ምን አላት?» እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ባለቤቴ ከጓሮ ሲመለስ ወደቀ። ጎረቤት እስኪደርስለት ብዙ ቆየ። እኔ የሰማሁት ማታ ነው። ስደርስ «ምነው አልደወልህልኝም?» አልሁት። «ክፍል ውስጥ ነሽ ብዬ ነው» አለኝ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ያን ሰሞን ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘን ተቀመጥን። በሕጉ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ሆኖም 25 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ በፈቃዱ ቢለቅ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ አበል ያገኛል። አበሉ የሚታሰበው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ አሁን ብወጣ 58.75 በመቶ፣ 60 እስኪሞላኝ ብጠብቅ 65 በመቶ አገኛለሁ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የተጨመረው ደመወዝም አማካዩ ውስጥ ገና በሙሉ አልገባም። ከሁለት አንዳችን ብንሞት ለቀሪው የሚከፈለው የሟቹ አበል ግማሽ ነው። ይህን ጮክ ብለን ስንናገር ሁለታችንም ዝም አልን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያስፈራኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «መምህርት» የሚለኝ ሰው ከሌለ ማን ነኝ? ደግሞስ ቀሪ ዘመኔ በአስታማሚነት ሊያልቅ ነው? ይህን ለባለቤቴ መንገር አፍሬ ብዙ ሌሊት ብቻዬን ጸለይሁ።

በመጨረሻ ነገርሁት። አልተቆጣም። የእኛ አገር ሰው ቤተ ልሔምን በድጓ ያውቃታል። የድጓ ተማሪ ለማስመስከር ወደዚያ ይሄዳል፤ የሚመለሰውም ዓመት ቆጥሮ ሳይሆን ሲመሰከርለት ነው። ባለቤቴ ይህን አነሣና፣ «አንቺስ 33 ዓመት አስተምረሽ አሁን ማን እስኪመሰክርልሽ ነው የምትጠብቂው?» አለኝ። ሳቅን፤ አለቀስንም።

ከዚያ በኋላ ዘኁልቁ ምዕራፍ 8ን አብረን አነበብን። ሌዋውያን 50 ዓመት ሲሞላቸው ከከባዱ ሥራ ያርፋሉ፤ ነገር ግን ከወንድሞቻቸው ጋር ማገልገላቸውን አይተዉም። ማረፍና ማቆም አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ልወጣ ወሰንን። የሚቀርብን ገንዘብ ይቀርብናል። በቅዳሜ ቀን የጉባኤያችንን ልጆች ማንበብ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴም ወጡን እርሱ ሊሠራ ቃል ገብቷል።

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ የእኔ ውሳኔ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ያልተመረቀ ልጅ ወይም ያልተከፈለ ዕዳ ላለበት ቤት መጠበቅም ጥበብ ነው። ሦስት ነገር ግን አትዝለሉ። የአገልግሎት ዘመናችሁ በማኅደራችሁ በትክክል መመዝገቡን ቀድማችሁ አረጋግጡ። አንዳችሁ ብትቀድሙ ሌላው በምን እንደሚኖር ሳትፈሩ ተነጋገሩ። የቤቱንም ሥራ ተከፋፈሉ፤ ቀድሞ የወጣ ሰው የቤት ሠራተኛ ሆኖ እንዳይቀር።

የጡረታ አበል በመቶኛ ይሰላል። አብራችሁ የምትኖሩትን ዘመን ግን የሚያውቀው ጌታ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ወረቀቱን አውጡና ተነጋገሩ።