ከፋሲካ የተረፈ ወጥና የማግስቱ እራት

በዓል ሲቃረብ የቤተ ሰብ ሐሳብ ሁሉ ለዕለቱ የሚሆነውን በማሰናዳት ላይ ያርፋል። ዶሮው በዐሥራ ሁለት ብልት ይገነጠላል፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ሞሰቡም በእንጀራ ይሞላል። በማግስቱ በድስቱ ውስጥ ስለሚቀረው ግን አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛም ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል አልነበርንም። እንድናስብበት ያስገደደን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነውና፣ ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ከዚህ በታች እንገልጸዋለን።

በካርቱም ከተማ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ብዙ ዓመት ኖረናል። ስሙ በዐረብኛ የወህኒ ጠባቂዎች ማለት ሲሆን፣ እኛ በነበርንበት ዘመን ሰፈሩ የሚታወቀው በሕንፃ ዕቃ ገበያው ነበር። በአጠገቡ በሚገኘው በዴም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ስለ ነበር በርበሬም ሆነ እንጀራ አይታጣም ነበር። የምንነግራችሁ የ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ነው፤ ሚያዝያ 16 ቀን ውሏል። ያን ጊዜ ረመዳንም ስለ ነበር፣ እኛ ከኀምሳ አምስት ቀን ጾም ስንወጣ ጎረቤቶቻችን ገና በጾማቸው ላይ ነበሩ።

አብረውን የሚኖሩ አክስት አሉን፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የስኳር በሽታ ካደረባቸው በዚያን ጊዜ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ማታ ማታም የሚውጡት ኪኒን ነበራቸው። እሑድ እንደ ወጉ ተበላ፣ ተጠጣ፤ እንግዳም መጥቶ ተሸኘ። ከሁለት ዶሮ አምስት ብልት፣ አራት እንቁላልና ሦስት ጭልፋ ያህል ወጥ ተረፈ። የተረፈውን ወጥ በእንጀራ ፈትፍቶ ማቅረብ ከእናቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ ይህ ፍርፍር አንድ ጊዜ ከተጀመረ ቶሎ የሚያቆመው የለም።

እኛ ግን በዚያ ሰኞ ማታ ለእትዬ ጤና ያሰብን መስሎን እንጀራውን ፈጽመን አስቀረንባቸው። ሥጋና እንቁላል ብቻ በሳሕን አድርገን አቀረብንላቸው። እሳቸውም ሳሕኑን ተመልክተው፣ «በፋሲካ ማግስት እንጀራ ትነሱኛላችሁ? ምን በደልኋችሁ?» አሉን። ሁለት ጊዜ ቀምሰው ሳሕኑን ገፋ አደረጉት፤ ኪኒናቸውን ግን እንደ ወትሮው ውጠው ተኙ።

እኩለ ሌሊት ሲሆን የሚጠሩን ድምፅ ሰማን። ብንሄድ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል፤ ንግግራቸውም ተሳስሯል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እየተረጋጉ ሄዱ፤ ቁራሽ እንጀራም አጐረስናቸው። ያን ሌሊት ማናችንም አልተኛንም።

በማግስቱ ሐኪሙ የነገረን ቃል አጭር ነበር። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ካርቦሃይድሬት የበዛባቸው ስለ ሆኑ በሰውነት ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣሉ፤ ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ቢቀንሳቸው ይጠቅመዋል። ነገር ግን አንዳንዱ ኪኒን፣ እንዲሁም ኢንሱሊን፣ ሰውየው ቢበላም ባይበላም የደሙን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። መድኃኒቱ ሳይለካ ምግቡ በድንገት ከተቀነሰ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ይህም ከመብዛቱ ይልቅ ፈጥኖ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመለወጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሐኪሙም የእትዬን ኪኒን አስተካከለላቸው፤ ማታ ማታ ደግሞ ጥቂት እንጀራ እንዳይቀርባቸው አዘዘን።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስንመለስ ሌላ መንገድ ፈለግን። ፍርፍር የሚወደደው ወጡን ስለሚጠጣና በእጅ ስለሚጐረስ ነው፤ እንግዲያውስ ወጡን የሚጠጣ ሌላ ነገር ቢገኝ ምን ይጐድለዋል? ብለን በጥቅል ጎመን ሞከርነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ወጡ በማቀዝቀዣ ሲያድር ቅቤው ከላይ ይረጋል። ይህን በማንኪያ ገፍፎ ማንሣት ነው፤ አይጣልም፤ በሌላ ቀን ለሌላ ወጥ ይሆናል። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ጥቅል ጎመን ለፍርፍር እንደሚቈረስ እንጀራ አድርጎ መክተፍ፣ ጨው በገባበት የፈላ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ያህል ማቈየት፣ ከዚያም አጥልሎ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጭመቅ ያስፈልጋል። በደንብ ካልተጨመቀ ወጡ ይቀጥናል። የዶሮውን ሥጋ ከአጥንቱ ለይቶ በጣት መዘልዘል፤ ወጡን በሁለት ስኒ ሙቅ ውሃ አላልቶ እስኪንተከተክ ማፍላት፤ ሥጋውንና ጎመኑን ጨምሮ አምስት ደቂቃ ማማሰል፤ በመጨረሻም እንቁላሉን ለአራት ከፍሎ ከቃሪያ ጋር ከላይ መደርደር ነው። ከእሳት ከወጣ በኋላ ጥቂት አይብ ቢደረግበት በርበሬውን ያለዝበዋል።

መቶ ግራም የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ከስድስት ግራም የማይበልጥ ካርቦሃይድሬት አለው፤ እንጀራ ግን ይህን ብዙ እጥፍ ያስከነዳል። በእንቁላል ውስጥ ያለው ደግሞ ከቍጥር የሚገባ አይደለም።

ያን ማታ ጾማቸውን የፈቱ አንዲት ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። ሱዳናውያን ከደበርጃንና ከኦቾሎኒ ቅቤ የሚሠሩትን ሰላጣ፣ እንዲሁም ጂርጂር የሚሉትን ቅጠል ይዘው ነበር። ደበርጃኑን እንደ ልማዱ በዘይት ከመጥበስ ፈንታ ለእትዬ ሲሉ በከሰል ጠብሰውት ነበር። «ለእኅቴ ነው» ብለው ከፊታቸው አስቀመጡት። እኛም ከጎመኑ ፍርፍር ጎን የመዳፍ ስፋት ያላት እንጀራ አኖርንላቸው። እትዬ እንጀራዋን ቈርሰው በእርሷ አንድ ጊዜ ጐረሱ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያለ እንጀራ በሉት። ሲጨርሱም፣ «ቀድሞውንም እንዲህ ብታደርጉት ኖሮ ማን ይቈጣችሁ ነበር?» አሉ። እሳቸውን ያስቀየማቸው የእንጀራው ማነስ ሳይሆን ከማዕድ እንደ ተለዩ መቈጠራቸው እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን።

የተረፈን ምግብ ለማቈየት ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ካርቱም በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እንዲህ ባለ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መዋል የለበትም፤ ቀዝቃዛ በሆነ አገርም ቢሆን ከሁለት ሰዓት አይለፍ። ቶሎ እንዲበርድ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይም አይቈይ። ሲሞቅ ለብ ብሎ ሳይሆን ፈልቶ ይሁን። መብራት ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ ሥጋውን መጣል ይሻላል።

ይህችን የመጨረሻይቱን ሕግ የፈጸምናት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፋሲካ ዋዜማ፣ ወጡ በእሳት ላይ ሳለ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። መብራት ጠፋ፤ እንግዳም አልመጣም። እሑድ በውስጠኛው ክፍል ተሰብስበን የተኩሱን ድምፅ እየሰማን በላን። ሰኞ የተረፈውን ወጥ ከበን ቆመን መጣሉ ከበደን፤ ነገ የምንበላውን አናውቅም ነበርና። «ይደፋ፤ በዚህ ላይ ሕመም አይጨመርብን» ብለው የቈረጡት፣ ምግብ መጣል ኀጢአት ነው የሚሉት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ከዚያም በገዳሪፍና በመተማ በኩል ጎንደር ገባን። ከቤታችን ይዘን ከወጣነው ጥቂት ነገር መካከል የእሳቸው ኪኒን ነበረ።

አሁንም የፋሲካ ማግስት ሲደርስ ጥቅል ጎመኑ ይከተፋል፤ የመዳፍ ስፋት ያላት እንጀራም አትቀርም። የጎረቤታችንን ሰላጣ ለመሥራት ሞክረናል፤ እንደ እሳቸው ግን አልሆነልንም። በቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ ምግቡን በሐኪም ምክር አቅልሉለት፤ ስታቀልሉለት ግን ከማዕዱ አትለዩት፤ ሁላችሁም ከእርሱ ጋር ያንኑ ብሉ።