በእጅ የተሠራ የእንቍጣጣሽ ካርድ

በአባታችን ቤት ነገር ከታላቅ እኅቴ ጋራ ተቀያይመን ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ቈየን። ለእንቍጣጣሽ ግን ልጆች አበባ ሥለው ለዘመድ መስጠታቸውን አስቤ፥ እኔም ሽበቴን ይዤ ካርድ ልሠራላቸው ተነሣሁ።

በአልኮል የተበጠበጠውን ቀለም አስቀድሜ በተራ ወረቀት ላይ ባንጠባጥበው፥ ወረቀቱ መጠጠውና አበባው ጭቃ መሰለ። ይህ ቀለም የማይመጥጥ ገጽ ይሻልና፥ ቧንቧ ለመጠቅለል የሚያገለግለውን የአሉሚኒየም ፕላስተር በካርቶን ላይ ለጥፌ፥ በደነዘ እንጨት እየተጫንሁ የአደይ አበባ ቀረጽሁበት። ቢጫውን ጠብ አድርጌ ንጹሕ አልኮል ብጨምርበት፥ ቀለሙ እየሸሸ ተዘረጋ፤ አልኮሉም ወዲያው ተንኖ ደረቀ፤ ብሩም ከሥሩ አበራ። (መስኮት መክፈትና እሳት ማራቅ ግድ ነው፤ ቤተ ሰቤ ግን ሽታውን ጠልቶ ቀድሞኝ ወጣ።)

ከቀለሙ ይልቅ ያስቸገረኝ የሚጻፈው ቃል ነበረ። በመጨረሻ «እትዬ፥ እንኳን አደረሰዎ» ብቻ ጽፌ በልጄ እጅ ላክሁ። ልጁም ሲመለስ፥ ካርዱን ወደ ብርሃን እያዘነበሉ ብዙ ጊዜ እንደ ተመለከቱትና፥ «እርሱ ራሱስ መቼ ይመጣል?» ብለው እንደ ጠየቁት ነገረኝ።