«ቀነስክ፣ አምሮብሃል!»



በዚህ ገጽ የምታውቁኝ ስለ መታወቂያ እድሳት፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ በየመንገዱ ስለሚያስቆሙን ሰዎች ስጽፍ ነው። ሦስት ወር ያህል ስጠፋ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ምን ሆንክ? ታሰርክ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አልታሰርኩም። ታምሜ ነው። እናቴ ከሰው አፍ እንድትሰማው ስላልፈለግኩ ዝም ብዬ ቆየሁ። ትናንት ማታ እውነቱን ነገርኳት። ስለዚህ ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

የትልቁ አንጀት ካንሰር አለብኝ። ቀዶ ጥገናው ተሠርቷል። ኬሞ ጀምሬያለሁ።

ይህን የምጽፈው ከንፈር እንድትመጡልኝ አይደለም። በሽታው ለወራት ተደብቆ የቆየው እኔ በምኮራበት፣ እናንተም ባጨበጨባችሁልኝ ነገር ውስጥ ስለነበረ ነው። በመክሳቴ ውስጥ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ በኅዳር ወር፣ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ እዚሁ ፓርክላንድስ ውስጥ ድንኳን ተክለው በነፃ የሚመረምሩ ወጣቶች ጣቴን ወጉኝ። ማሽኑ 16.8 አለ። ልጅቷ ደግማ ወጋችኝ፣ ያው ነው። ያኔ 97 ኪሎ ነበርኩ። ጠዋት ማንዳዚ በጣፋጭ ሻይ፣ ማታ እንጀራ እስክጠግብ፣ በመሀል ቆሜ ማስተማር እንጂ መራመድ የለ። የሦስት ወሩ ስኳር ሲለካ 9.8 ሆነ። ሜትፎርሚን ታዘዘልኝ፣ ክብደት ቀንስም ተባልኩ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቁጥር ከተሰጠኝ አልለቅም። ደብተር ገዝቼ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ኪሎዬን መመዝገብ ጀመርኩ። እንጀራውን ከሦስት ወደ አንድ አወረድኩ። ከሲቲ ፓርክ ገበያ ሱኩማ ዊኪ እየገዛሁ እንደ ጎመን ሠራሁት። በየማለዳው ፓርኩ ውስጥ ከጦጣዎቹ ጋር አንድ ሰዓት እራመዳለሁ፤ ሙዝ መያዝ እንደማይቻል በሁለተኛው ቀን ተማርኩ።

ደሴ ያለው አጎቴ የቆየ የስኳር ሕመምተኛ ነው። አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ደወልኩለትና «ጋሼ፣ ዛሬ ወደ 7 ወርዶልኛል» ስለው ጮኸብኝ። «ምን? 7? ልጄ፣ ቶሎ ስኳር ላስ!» እዚህ ኬንያ የሚለካበት አሃድ ከአገር ቤቱ ይለያል። የናይሮቢውን በ18 ስታባዙት የደሴውን ታገኛላችሁ። 7 ማለት 126 ነው። ዘመዶቻችሁ ቁጥር ነግረዋችሁ ከደነገጣችሁ መጀመሪያ አሃዱን ጠይቁ።

በአሥር ወር ውስጥ ከ97 ወደ 84 ወረድኩ። የሦስት ወሩ ስኳር 6.4 ሆነ። ሐኪሙ «በጣም ጥሩ፣ እዚህ ላይ ቁም» አለኝ። ቆምኩ። ፈተና የማረሚያ ጊዜ መጣ፣ የማለዳው እርምጃ ቀረ። ፋሲካ ደረሰ፣ እንደ ሰው ዶሮዬን በላሁ፣ ዳቦውንም አልተውኩም።

ሚዛኑ ግን አልቆመም። 82። 80። 77።

ደብተሩ አሁንም አጠገቤ አለ። መስመሩን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢያየው ይጠይቀኝ ነበር፦ «ቲቸር፣ መቀነስ ካቆምክ መስመሩ ለምን አልተደላደለም?» እኔ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበርና።

ለእያንዳንዱ ምልክት መልስ ነበረኝ። ሆዴ ሲበላሽ ሜትፎርሚኑ ነው አልኩ፤ መድኃኒቱ እንዲህ እንደሚያደርግ ተነግሮኝ ነበር። ደም ሳይ ኪንታሮት ነው አልኩ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ሲመታና ሲደክመኝ ጾሙ ነው፣ እርማቱ ነው አልኩ። በሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ የኪንታሮት ቅባት ሰጥተው መለሱኝ፤ ማንም አልመረመረኝም። ጥፋቱን ሁሉ ግን እነሱ ላይ አልጥልም። «ደሙ ስንት ጊዜ ታየህ?» ሲሉኝ «አንድ ሁለቴ» አልኩ። ውሸት ነበር። ወራት ሆኖት ነበር። አፍሬ ነው።

የሦስት ወሩ ስኳርም ወደ 5.5 ወረደ። ለጓደኞቼ ሁሉ ፎቶውን ላክሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ምርመራ የሚለካው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሰው ደም እየፈሰሰው ከሆነ ሕዋሶቹ ሳይቆዩ በአዲስ ስለሚተኩ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል። እኔ ያከበርኩት ቁጥር ራሱ ምልክት ነበር።

እናንተም አመሰገናችሁኝ። «ቀነስክ፣ አምሮብሃል!» «ሃያ ዓመትህን መሰልክ!» «ሚስጥሩን ንገረን!» ቀበቶዬን በሚስማር ስበሳው ደስ እያለኝ ነበር። ያላጨበጨበች አንዲት ሰው እናቴ ነበረች። በኢሞ ስታየኝ «ልጄ፣ ያ ፊትህ የት ሄደ?» ትላለች። «እማዬ፣ ለስኳሩ ብዬ እኮ ነው የቀነስኩት።» «እሺ፣ አሁን ይበቃል።» እኔም ሳቅኩባት። በእኛ አገር መወፈር ጤና፣ መክሳት ችግር ነው የሚመስላቸው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። የተማርኩት እኔ፣ ያወቀችው እሷ።

ፓርክላንድስ የሆስፒታል ሰፈር ነው። አጋ ካን እዚህ ነው፣ ኤም ፒ ሻህም እዚህ ነው። ለስኳሬ ብዬ በአጥራቸው ሥር ስንት ማለዳ ተመላለስኩ። ለመግባት ግን አንድ ጥያቄ አስፈለገኝ። መድኃኒቴን ለማሳደስ ሌላ ቦታ ሄጄ አንዲት ወጣት ሐኪም ሚዛን ላይ አቆመችኝ። 73። የድሮውን መዝገብ አየችና «ይህን ኪሎ የቀነስከው አንተ ነህ ወይስ ራሱ ነው የቀነሰው?» አለችኝ።

«እኔ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ፋሲካ ትዝ አለኝ። ዶሮው፣ ዳቦው፣ የቀረው እርምጃ። ዝም አልኩ። ስለ ደሙ ስትጠይቀኝ በዚህ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት።

የደም መጠኔ 7.9 ሆኖ ተገኘ፤ ለወንድ ቢያንስ 13 መሆን ነበረበት። በኮሎኖስኮፒ ካሜራ ሲገባ እጢው ተገኘ፣ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲነገረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ሞትን አይደለም። «ወረቀቴ ሳያልቅ አልጋ ይሰጡኛል?» ብዬ ነው ያሰብኩት። ስደተኛ እንዲህ ነው። ካንሰሩ ደረጃ 3 ነው፦ አጠገቡ ወዳሉት ንፍፊቶች ደርሷል፤ ጉበትና ሳንባ ላይ ግን የለም።

ስለ ገንዘቡ ለጠየቃችሁኝ፦ በስደተኛ መታወቂያዬ ኤስኤችኤ ላይ ተመዝግቤ ነበር፤ በጥቅምት 2024 ኤንኤችአይኤፍን የተካው ማለቴ ነው። ሁሉንም አልሸፈነም፤ የቀረውን የሥራ ባልደረቦቼና የኢስሊ ልጆች አዋጡልኝ። ስማችሁን አልጠራም፤ ታውቃላችሁ። ጤነኛ ሳላችሁ ተመዝገቡ።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ደውዬ «ነቀርሳ ነው አሉኝ» አልኳት። ካንሰር የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። እሷ ሳንባ ነቀርሳ መሰላት። እፎይ አለች። «እሱማ መድኃኒት አለው! ስድስት ወር ትውጠዋለህ፣ የጎረቤታችን ልጅ ድኖ የለም እንዴ?» አላረምኳትም። ተማሪ ሲሳሳት አላልፍም፤ እናቴን ግን ሦስት ወር ሙሉ አሳለፍኳት። በየቀኑ «ሳንባህ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ሳንባዬ ደህና ነው፣ እማዬ።» እውነትም ደህና ነበር።

ትናንት ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ብቻህን ነው የተሸከምከው?» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ከመርዶ እጠብቃታለሁ ብዬ ነበር፤ ያስቀረሁት ግን መጸለይ የምትችልበትን ሦስት ወር ነው።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራን እንደ ጠላት ስሸሽ ኖሬ፣ አሁን የምግብ ባለሙያዋ «አንድ ኪሎ እንኳ እንዳትቀንስ» ትለኛለች። በሦስት ሳምንት አንዴ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠኛል፣ ክኒንም አለ። እንዳያስመልሰኝ የሚሰጡኝ ዴክሳሜታዞን ስኳሬን 17 ያደርሰዋል፤ ኢንሱሊን ተጨምሮልኛል። ለስኳሩ የሚበጀው አንዳንዴ ለኬሞው አይበጅም፣ ሁለቱንም በአንድ ገበታ ማስማማት አዲሱ ትምህርቴ ሆኗል። ቀዝቃዛ ነገር ስነካ ጣቴ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፤ በናይሮቢ ብርድ በር የምከፍተው በጓንት ነው።

«ስኳር ካንሰርን ይመግባል፣ ምግብ አቁም» ያላችሁኝ አላችሁ። ልባችሁን አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውነት ስኳሩን ከሌላ ምግብም ይሠራዋል። ባልበላ የምራበው እኔ ነኝ። «ጠበል ሂድ» ያላችሁኝንም አመሰግናለሁ፤ እሄዳለሁ። መድኃኒቴን ግን አላቆምም።

ናይሮቢ የቆያችሁ ጁላይ 2019ን ታስታውሳላችሁ። በዚያ አንድ ወር የሳፋሪኮሙ ቦብ ኮሊሞር፣ የቦሜቷ አገረ ገዢ ጆይስ ላቦሶና የኪብራው የምክር ቤት አባል ኬን ኦኮት በካንሰር አረፉ። ኦኮት ኪቤራ ውስጥ ያደገ፣ ከፖለቲካ በፊት እንደ እኔ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። የእሱም የአንጀት ነበር፤ በሽታውን ሳይደብቅ በአደባባይ ተናገረ። 41 ዓመቱ ነበር። ተማሪዎቼ የሚወዱት የ«ብላክ ፓንተር»ሙ ቻድዊክ ቦስማን ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ደብቆ ነው የሠራው። በ2020 ከስቶ ሲታይ ኢንተርኔት ላይ የቀለዱበት ነበሩ። ከወራት በኋላ በ43 ዓመቱ ሞተ፤ ያው የአንጀት ካንሰር። በአሜሪካ ምልክት የሌለው ሰው ለዚህ በሽታ መመርመር የሚጀምረው በ45 ዓመቱ ነው። እኔ 37 ነኝ። ምልክት ካለ ዕድሜ አይጠበቅም።

ስለዚህ ወገኖቼ፦

ስኳር ያለባችሁ፣ መቀነሱን አትተዉት፤ እኔንም ጠቅሞኛል። ነገር ግን ኪሎአችሁን ጻፉ፣ ምን እንዳደረጋችሁም አጠገቡ ጻፉ። ሳትጥሩ በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደታችሁ 5 በመቶ ከወረደ፣ ማለትም 80 ኪሎ የሆነ ሰው 4 ኪሎ ካጣ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደም ካያችሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ እውነቱን ተናገሩ። ቅባት ሰጥተው ሲመልሷችሁ «ሳትመረምሩኝ?» በሉ። ማፈር ካለብን በዝምታችን እንፈር።

ሰው ከስቶ ስታዩም «አምሮብሃል» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነህ?» በሉት። ያቺን ሐኪም የመሰለ ጥያቄ ከጓደኛም ሊመጣ ይችላል።

ልጠይቅህ የምትሉ ኑ፣ ደስ ይለኛል። ሽሮ ይዛችሁ ኑ፤ በርበሬው ቀለል ይበል።

ዛሬ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ 71.3። ካለፈው እሑድ 300 ግራም ጨምሬያለሁ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እልል አለች።